ባለ ሹራቧ

የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ በጠራራ ፀሐይ ወፍራም ሹራብ ለብሳ መጣች። ቀኑን ሙሉ የምትውልበት፣ ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ብርድ ነው አሉ። ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛውን ይደበድባል፤ እኛ ባለጉዳዮች ደብዳቤያችን እስኪታተም ተሰልፈን እናያለን።

«ድረ ገጹ ላይ ‹አትም› የሚለውን ስጫን የማተሚያው ፕሮግራም አይከፈትም! ሠራን ብላችሁ ነው?»

«ተከፍቷል ጋሼ» አለች እጅጌዋን እየሰበሰበች። «ግን የሚያስነሳው ሰርቨሩ ነው። ሰርቨሩ ደግሞ ከጀርባ፣ የራሱ ስክሪን በሌለበት ነው የሚሠራው። እሱ ያስነሳው ፕሮግራም በምን ላይ ይታይ?»

«ካላየሁት አልሠራም!»

ሰርቨሩ ላይ የተከፈቱትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ከፍታ አሳየችው። አሥራ አንድ ጊዜ ተጭኖት ኖሮ፣ አሥራ አንዱም ተነስተው ማሽኑን አንቀው ይዘውታል። አሥሩን ዘጋች፤ ወዲያው ደብዳቤዎቻችን መውጣት ጀመሩ።

ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ስጠብቅ፣ «ለመሆኑ አንቺ የየትኛው ክፍል ነሽ?» አላት። ሰው እንዴት አያፍርም!

«የዚሁ ነኝ ጋሼ፤ አሥራ ሁለት ዓመቴ» ብላ ወደ ብርዷ ተመለሰች።

እሱ ደብዳቤዎቹን ሰብስቦ፣ «ይኸው፣ አስተካከልኩላችሁ» አለን። ሁላችንም እጅ ነሳን። እኔም ነሳሁ፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።