ድገሚው

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚያስወጣው ዳገት ግርጌ ፓፓያ የምትሸጠው ፈትሂያ ሰውየውን ትክ ብላ ታየዋለች። ፒካፑ ነዳጅ ጨርሶበት ቆሞ ነበር፤ አሁን ከጀሪካን ሞልቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከነዳጅ መስመሩ ውስጥ አየር ያስወጣል። የሐዘን ጥቁር ኮቱ ክርኑ ላይ በነጭ ክር፣ ባልለመደ እጅ ተሰፍቷል።

«ቁልፉን አዙሪው!» ብሎ ጮኸ።

ጋቢናው ባዶ ነው። ጥቂት ጠብቆ እጁን ጠራረገና ዞሮ ሄዶ ራሱ አዞረው። የነዳጁ ፓምፕ እዝዝ ብሎ ዝም አለ። ተመልሶ ሞተሩ ላይ አጎነበሰ።

«ድገሚው!»

ፈትሂያ አላስቻላትም። «እኔ ላዙርልህ፣ ወንድሜ?»

«አብሽሪ እህቴ፤ እሷ ታውቅበታለች።»

በሦስተኛው ሞተሩ ተነሳ። ሰውየው በሩን ከመዝጋቱ በፊት ወደ ጎኑ ባዶ ወንበር ዞሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጎበዝ» አላት።