አሜን ያላልኩበት ምርቃት

አከራያችን ቤቱን ሸጦብን በከተማው ሌላ ጫፍ ወዳለው ኤድመንተን ከተዛወርን ወዲህ ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አላችሁ ይለናል። እውነት ነው፣ እዚህ ጓሮ አለን፤ ልጃችንም የራሷ ክፍል አላት። እኔን ግን የሚናፍቀኝ ካምበርዌል ያለው የድሮው አራተኛ ፎቅ ቤታችን ነው። ሊፍቱ ደስ ሲለው ነበር የሚሠራው፤ የመታጠቢያ ቤቱ ሻጋታ ምንም ቢፋቅ ተመልሶ ይመጣ ነበር። ቢሆንም ናፈቀኝ፤ ለዚህ ማንንም አላስፈቅድም።

ሚስቴ ይህን ስትሰማ ትስቅብኛለች። አዎ፣ ሚስቴ፤ እኔም ሴት ነኝ። በዚህ ፊቱን የሚያዞር ካለ በጊዜ ያዙር።

እዚያ ሕንፃ ምድር ቤት አንድ ጋሼ ነበሩ። ከአገር የወጡት በደርግ ጊዜ ስለሆነ አማርኛቸውም እዚያው ዘመን ላይ ቀርቷል። ሚስቴ ልጃችንን ወልዳ ከሆስፒታል የገባን ዕለት ሊፍቱ እንደ ልማዱ ተበላሽቶ ነበር። ጋሼ በዚያ በደከመ ጉልበታቸው አራቱንም ፎቅ በእግራቸው ወጡ። ሚስቴን “እንኳን ማርያም ማረችሽ” አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “አንቺንም እንኳን ማረችሽ” አሉኝ። እኔ ሕፃኗን ታቅፌ ከመቀመጥ በቀር ያማጥኩት ነገር አልነበረም። ግን አሜን አልኩ። እናት የሆንኩት ያን ቀን ነው ብል አላጋነንኩም።

ኤድመንተን ደግሞ እማማ አሉ። ከእኛ ሁለት ቤት አልፈው ይኖራሉ፤ እሑድ ከአማርኛው ቤተ ክርስቲያን አይቀሩም። ክሊኒክ ሲኖራቸው በመኪና የምናደርሳቸው እኛ ነን። መጀመሪያ እህትማማቾች መስለናቸው ነበር። አይደለንም፣ ትዳር ነው ብዬ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ዛሬም “እህትሽ ደህና ናት?” ይሉኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ለአዲሱ ቤት ብለው ብርጭቆ ይዘው መጡ። ምሳ በልተን ስናበቃ እንደ ደንቡ ሊመርቁን ተነሡ፤ እኛም ተነሥተን እጃችንን ዘረጋን። ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሚስቴን ማሚ፣ እኔን እማዬ ትለናለች። አማርኛዋ ግማሽ በግማሽ ቢሆንም አሜን ማለት ትወዳለች።

“ቤታችሁን ሰላም ይሙላው።”

“አሜን።”

“ለዚች እናት ልጇን ያሳድግላት” አሉ ወደ ሚስቴ እያዩ።

“አሜን።”

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “ለአንቺም ጥሩ ባልና የራስሽን ልጅ ይስጥሽ።”

ምርቃት መልስ የለውም፤ አንገት ደፍቶ አሜን ማለት ነው። ሚስቴ እንዳልፈው በዓይኗ ለመነችኝ። ልጄ ግን አፏን እንደከፈተች ቀረች፤ የምታየው እኔን ነው። አሜን ብል በእሷ ፊት እናቷ አይደለሁም ማለቴ ነበር። ደሜ ፈላ።

“እማማ፣ ይቺን አልቀበልም” አልኩ።

“ምርቃት ይመለሳል እንዴ ልጄ?”

“ይቺ ትመለሳለች። ሚስት ሰጥቶኛል፤ ይቻት። ልጅም ሰጥቶኛል፤ ይቻት።”

“እኔ ክፉ አላልኩሽም።”

“አውቃለሁ። እንደገና ይመርቁኝ።”

እማማ ወደ መስኮቱ ዞሩ። እጃችንን እንደዘረጋን ጠበቅናቸው። ታላቅ ባለበት ታናሽ እንደማይመርቅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ጋሼ እዚህ ቢኖሩ ኖሮ ለእሳቸው እተወው ነበር፤ ጋሼ ግን ካምበርዌል ቀርተዋል። እጄን አነሣሁና እኔው መረቅኩ።

“ለሁለታችንም ያሳድግልን።”

“አሜን” አለች ልጄ። “ቬሪ አሜን።”

ሚስቴም ዘግየት ብላ አሜን አለች። እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ብርጭቆው ቶሎ ስለሚሰበር ተጠንቀቁ ብለውን ወጡ።

ሰኞ ክሊኒክ አላቸው። ሚስቴ ሥራ ስለምትገባ የማደርሳቸው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ልጄም አብራን ትሄዳለች፤ ከኋላ ተቀምጣ እማዬ፣ እማዬ ስትለኝ እማማ መንገዱን ሙሉ ይሰሟታል።