የሃያ ስምንቷ ቀን

ከተማችን የአባቶችን ቀን በሰባተኛው ወር በሃያ ስምንት ያከብራል። ለምን በሃያ ስምንት ሆነ ብለው የሚከራከሩ አዋቂ ነን ባዮች አሉ። ምን አደከማቸው፣ እኔን አይጠይቁኝም? ከማተሚያ ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ነው ቀኗ የወጣችው። ሌሎቹ ማተሚያ ቤቶች ቀን መቁጠሪያቸውን ከእኛ ይገለብጡ ስለነበር፣ በሦስተኛው ዓመት የሁሉም ግድግዳ ላይ ነበረች።

ጠረጴዛው የእንጀራ አባቴ የጋሼ ነበር። የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ያርማሉ። ሥራው የሚጀመረው ዓመቱ ሳይጋመስ ስለሆነ፣ ጋሼ ሁልጊዜ የሚኖሩት በመጪው ዓመት ነው። ውጭ እየዘነበ ያልመጣ ፀሐይ ያርማሉ። ራት ላይ ማንኪያቸውን እንደያዙ በሐሳብ ጭልጥ ይሉና እናቴ «ደግሞ የት ሄድክ?» ስትላቸው፣ «የሚመጣው ዓመት አራተኛ ወር ላይ ነኝ፤ ደስ ይላል» ይሏታል። ቤታችን በሁለት ዓመት መሀል የሚንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ሻንጣ ይዘው ቤታችን ሲገቡ ስድስት ዓመቴ ነበር። ጋሼ አልኳቸው፤ በዚያው ቀረ። የጫማዬን ክር አሰሩልኝ፣ ስታመም አጠገቤ ቁጭ ብለው አነጉ፤ እኔ ግትሯ ግን «አባዬ» የምትለዋን ነፈግኳቸው። ስቆይ ደግሞ አፈርኩ።

አድጌ እዚያው ማተሚያ ቤት፣ የእርሳስ ፊደል እየደረደርኩ ገጽ የማዘጋጅ ፊደል ለቃሚ ሆንኩ። ጋሼ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ የመጨረሻውን ቀን መቁጠሪያቸውን ሲይዙ፣ ወይ አሁን ወይ መቼም አልኩ። የእናቶች ቀን አለ፣ የዛፍ ቀን አለ፤ የአባት ግን የለም። ሻንጣው የገባበትን ቀን እናቴን ጠየቅኳትና በሰባተኛው ወር አሥራ አንድ ላይ «የአባቶች ቀን» ብዬ ለቀምኩ።

ጋሼ ረቂቁ ላይ የሌለች ነጥብ እንኳ አያሳልፉም። ቀዩ እስክሪብቶ አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ከየት እንደመጣች ጠየቁኝ።

«እኔ ነኝ ያስገባኋት፣ አባዬ» አልኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ ሰረዟት። ክው አልኩ። ከአሥራ አንድ ተነስተው እስከ ሃያ ስምንት ቀይ ቀስት ሳቡ።

«አሥራ አንድ የገባሁበት ነው። በሃያ ስምንት ከትምህርት ቤት ልወስድሽ መጣሁ። በሩ ላይ መምህርሽ ማን እንደሆንኩ ስትጠይቅሽ ‹አባቴ ነው› አልሻት። አንቺ ረስተሽው ነው።»

«ይለፍ» ብለው ፈረሙ።