ያላመንኋት እናት

ባለፈው ሳምንት እንጅባራ ውስጥ አንድ ተማሪዬ የመመረቂያ ጥናቱን ሲያቀርብ ተቀምጬ አዳመጥሁ። የሚያወራው ስለ ሲስተምስ ባዮሎጂ ነበር፤ ምግብን፣ ደምንና የአንጀት ተሕዋስያንን ሳይነጣጥል በአንድነት ስለሚመረምረው ጥናት። ጥሩ አቀረበ። የእኔ ሐሳብ ግን ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ሠራሁባት ወደ ጥሊሊ ሄዶ ነበር።

ያኔ ገና መመረቄ ነው። የሕፃናትን አመጋገብ ለሚያጠና ቡድን መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጠርሁ። ክረምት ስለነበር ከሚኒባስ ወርደን በጭቃው በእግር ነበር የምንዞረው። ገብሱ ገና አረንጓዴ ነው። በየቤቱ ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች በዳጣ ይቀርብልናል፤ ያ ትኩስ ድንች እጅን ሲያሞቅ እስካሁን ይታወቀኛል።

ወይዘሮ ይታይሽን ያገኘኋት እንዲህ ስንዞር ነው። ልጇ የኔዓለም ሦስት ዓመት ቢሞላትም የአንድ ዓመት ሕፃን ነበር የምታክለው። ምን እንደምትበላ ስጠይቅ ይታይሽ እንቁላልም ወተትም እንደማታጓድልባት፣ ጤና ጣቢያም እንደምታመላልሳት ነገረችኝ። አማቷ ግን ሊሸኙኝ ወጥተው እንቁላሉ የሚውለው ገበያ ነው አሉኝ። የልጅቱን ክንድ ለክቼ ቅጥነቱን አይቼ ነበርና አሮጊቷን አመንሁ። ቅጹ ጠርዝ ላይ «እናትዬዋ እውነቱን አልተናገረችም» ብዬ ጻፍሁ።

ያን ቀን ከልጅቱ የወሰድነው የደምና የሰገራ ምርመራ ውጤት የመጣው ጥር ላይ ነው። የልጅቱ አንጀት በተደጋጋሚ ሕመም ተጎድቶ የበላችው ሁሉ ለሰውነቷ ሳይደርስ ይቀር ነበር። ይህን ለይታይሽ ልነግራት ስሄድ የኔዓለም ገብሱ ሲታጨድ፣ ኅዳር ላይ፣ አርፋለች።

ይታይሽ አጠገብ ተቀመጥሁ። «አንቺ ነፍገሻት አይደለም» አልኋት።

«እኔማ አውቃለሁ፣ እህቴ። ለአማቴ ንገሪልኝ» አለችኝ።

ነገርኋቸው። አሮጊቷ ሰምተው ሲጨርሱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና በአገውኛ እኔ ያልገባኝ አንድ ነገር አሉ። ይታይሽ ተነሥታ ወደ ጓሮ ዞረች፤ ከዚያ ለቅሶዋን ሰማሁ።

ለይታይሽ ውጤቱን ነገርኋት እንጂ ቅጹ ላይ የጻፍሁትን አልነገርኋትም። ከዚህ ከእንጅባራ ጥሊሊ ሩቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ ልነግራት ልሄድ ተነሥቼ ቀርቻለሁ። ብትቆጣኝ እችለዋለሁ። «እግዜር ይፍታሽ» ብትለኝ ግን እንዴት ሆኜ እንደምመለስ አላውቅም።