በልጅቷ ተራ

የሰዓት ሠሪው ጆሮ አይጣል ነው። ደንበኛው ሰዓቱን ከእጁ ሳያወልቅ እሱ ምቱን ሰምቶ "ዘይት ጠምቶታል" ይላል። ብዙ ጊዜ አይሳሳትም፤ ከተሳሳተም ጥፋቱ የሰዓቱ ነው።

ሰሞኑን ግን ሆዱን የሚበላው ነገር አለ። ሴት ልጁ ደብተሯ ውስጥ የሸጎጠችውን ደብዳቤ ሳያስበው አይቶታል፤ ሩቅ ከተማ ሥራ አግኝታለች፤ እስከ ዓርብ መልስ ስጪ ተብላለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ የሁለት ሰው ነው። እሷ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቃትም።

የምሳ እረፍቱን የሚያሳልፈው እሷ በጫነችለት ቼዝ ላፕቶፑን እየገጠመ ነው። አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም። ሰኞ ዕለት ፈረሱን የት እንደሚያደርስ ጨንቆት ሳለ ጆሮው ቆመ። የላፕቶፑ ማራገቢያ ይጮሃል።

"ተራው የኔ አይደል እንዴ? ይሄ ምን ያስሮጠዋል?" አለ።

ልጁ ምሳውን ይዛለት መጥታ ነበር። "አንተ ስታስብ እሱም ያስባል፣ አባዬ። ምን እንደምትጫወት ይገምትና መልሱን ያዘጋጃል። ግምቱ ከሰመረለት ወዲያው ይመልሳል። ካልሰመረለት እንደ አዲስ ይጀምራል።"

"በኔ ተራ?"

"በአንተ ተራ።"

ነገሩ እንቅልፍ ነሳው። በማግስቱ ማሸነፉን ትቶ የላፕቶፑን መልስ በሰከንድ መለካት ያዘ። ቶሎ ሲመልስለት "ገምቶኛል!" ብሎ ይበሽቃል፤ ሲዘገይ እጁን ያፋትጋል። ግራ ቢገባው ብሎ ንግሥቱን በነጻ ሰጠው። ላፕቶፑ አሰበ፣ አሰበና በላት።

"አራት ሰከንድ አስጨነቅኩት!" አለ፣ ያሸነፈ ይመስል።

ሐሙስ ዕለት ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ አንዲት ትንሽ የእጅ ሰዓት ይፈታል። ልጁ ምሳውን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ አልሄድ አለች። የሳህኑን ክዳን ታስተካክላለች፣ መልሳ ታስተካክላለች።

"አባዬ፣ ሥራ አገኘሁ። ግን ሩቅ ነው፣ እና…"

"ሂጂ" አላት ከአፏ ነጥቆ።

ለእምቢታው ስንቱን መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ በየወሩ እመጣለሁ፣ አክስቴ ታይሃለች፣ በየቀኑ እደውላለሁ። አሁን አንዱም ቦታ የለውም።

"ሳታስብበት?" አለች በመጨረሻ።

"አስቤበታለሁ።"

"አሁን ነገርኩህ እኮ! መቼ አሰብክበት?"

ወረንጦውን አስቀመጠ፤ ማጉያውን ግን ከዓይኑ አላነሳም።

"በአንቺ ተራ" አላት።