ግሌን ሆን ብሎ የወደቀው ፈተና

ግሌን ቤድናር ሞኝ ነው የሚል ሰው ካለ አፉን ይያዝ። ሰው ኳርተርባክነት፣ በአሜሪካ ፉትቦል ኳስ እየወረወሩ ቡድን መምራት፣ የክንድ ሥራ ይመስለዋል። ክንድማ ከፒትስበርግ በታች ባለው ሸለቆ የቆሻሻ መኪና ነጂው ሁሉ አለው! ሥራው የጭንቅላት ነው። አሥር ሰው ወዴት እንደሚሮጥ፣ ማን ማንን እንደሚገፋ፣ ኳሷ በስንተኛው እርምጃ ከእጅህ እንደምትወጣ መያዝ አለብህ፤ ያውም ግድግዳ የሚያካክሉ ሰዎች ሊደፈጥጡህ እየመጡ። ግሌን ሁለት መቶ አርባ የጨዋታ ዕቅድ በቃሉ ይወጣው ነበር። ሚስቱ ማርሲ ሳህን እያጠበች ትጠይቀዋለች፤ አንድም ቀን ሲሳሳት አላየችም።

አባቱ የብረት ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ እቶን ፊት ቆሞ የኖረ ሰው ነው። ልጁን ትልቅ ቡድን የመረጠው ዕለት፣ ዓርብ ዓርብ ዓሣ ጥብስ የሚበላበት የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት በእልልታና በጭብጨባ ተናጋ። ግሌን ግን ኮከብ አልሆነም። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አራት ከተማ ዞረ፤ አብዛኛውን ጊዜ ተጠባባቂ ሆኖ፣ ኮፍያውን ደፍቶ የሜዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ። ከኋላው ሁልጊዜ ቦታውን የሚመኝ አንድ ጎረምሳ አይጠፋም።

በሦስተኛው ዓመት አዲስ ነገር መጣ። ውድድሩ ሳይጀመር ተጫዋቹ ሁሉ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የማስታወስ ፈተና ይወስዳል። በኋላ ጭንቅላቱን ከተመታ ያንኑ ፈተና ይደግማል፤ ውጤቱ ከመጀመሪያው ካነሰ እስኪሻለው አይጫወትም። ተጠባባቂ ደግሞ አንዴ ቦታውን ከለቀቀ፣ ለቀቀ ነው።

በፈተናው ዋዜማ ኦቲስ ፕሩዊት እራት ሊበላ ቤታቸው መጣ። ኦቲስ ኳሷን በእግሮቹ መሃል አሳልፎ ለግሌን የሚያቀብለው፣ በር የሚሞላው ጓደኛው ነው።

«ስማ አንተ ፕሮፌሰር» አለው፣ ማርሲ የቀቀለችውን ድንች የታጨቀበት ሊጥ፣ ፒዬሮጊ፣ ሁለት ሁለቱን እየጎረሰ። «ነገ ጎበዝ ተማሪ ልሁን እንዳትል። ውደቅ!»

«ምን አልክ?»

«ውደቅ እልሃለሁ! ነገ ዘጠና ካመጣህ፣ ስትመታ አርባ ታመጣና ያስቀምጡሃል። ነገ አርባ ካመጣህ ግን ተመትተህም ያው አርባ ነህ። ‹ደህና ነው፣ ይግባ› ይሉሃል። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምናደርገው።»

«እና ደደብ ነኝ ብዬ ልፈርም?»

«ደደብ ተብለህ ብትጫወት ይሻልሃል ወይስ ሊቅ ተብለህ ብትቀመጥ? ምረጥ!»

ማርሲ ሳቀች። «እሱ መውደቅ የት ያውቅበታል? እኔ አስጠናዋለሁ» አለች።

አስጠናችውም። ከአሥራ አምስት ቃል አምስቱን ብቻ እንዲጠራ፣ ቶሎ ቶሎ እንዳይመልስ፣ እንዳይነቃበት ደግሞ መሃል መሃሉን እንዲያገኝ። በማግስቱ ግሌን ከሳቁ ብዛት እንባው እየወረደ ገባ።

«አምስት አልኳቸው! ‹ቅቤ› የምትለውን ልጨምር ምላሴን ሲበላኝ ነበር፣ በእግዜር!»

የዚያን ቀን ሳቋን ማርሲ ዛሬ ብትችል መልሳ በዋጠችው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

ብልጠቱ ሠራ። እንዴት ሠራ! በቀሩት ዓመታት አራት ጊዜ ክፉኛ ተመታ፤ አራቱንም ጊዜ አለፈ። አንድ እሁድ በጀርባው ተዘርሮ ሲነሳ ከተቃራኒው ቡድን ሰዎች መሃል ሄዶ ሊቆም ነበር፤ ኦቲስ በማሊያው ጎትቶ መለሰው። ማክሰኞ ተፈተነ፤ አምስት ቃል። እሁድ ገባ። ያን ቀን አምስቱን ያመጣው የምሩን እንደነበር ማርሲ አላወቀችም፤ እሱም አልነገራት።

አሁን አርባ ስምንት ዓመቱ ነው። ወተት ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣል። ምድጃ ለኩሶ ይወጣል። ባለፈው ጥቅምት ዳቦ ሊገዛ ሄዶ፣ ሲመሽ በልጅነቱ የተጫወተበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ በካልሲ ቆሞ አገኙት። ማርሲ የተማሪዎች አውቶቡስ ትነዳለች፤ ጎህ ሳይቀድ ነው የምትወጣው። ቀን ቀን አብሮት የሚውል ሰው ካልተገኘ አንድ ቀን ቤቱን በላዩ ላይ ያቃጥለዋል። ለተጎዱ ተጫዋቾች ጠባቂ የሚቀጥር ድርጅት አለ። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰውየው አእምሮ ከቀድሞው መድከሙን ሐኪም ይጻፍ።

መጋቢት ላይ ድርጅቱ ወደሚልክበት ሐኪም፣ ዶክተር ኬስለር ዘንድ ቀረቡ። ዶክተሩ ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆንማ በተሻለ ነበር፤ ማርሲ ሰድባው ይወጣላት ነበር።

«የኔ ጌታ፣ እንዳትታገል» ብላው ነበር መኪና ውስጥ። «ካልመጣልህ አልመጣልኝም በል፣ እሺ?»

«እሺ» አላት። ፈታኝ ፊት ሲቀመጥ ግን ወገቡን ቀጥ አደረገ። ጀርባው በላብ እስኪርስ ታገለ። ስድስት ቃል ጠራ።

ዶክተሩ ከቡድኑ የተላከለትን የያኔውን የፈተና ወረቀት ከአዲሱ አጠገብ ዘረጋ።

«ወይዘሮ ቤድናር፣ ባለቤትዎ በሃያ አምስት ዓመታቸው አምስት ቃል ነበር ያስታወሱት። ዛሬ ስድስት። በዚህ መሠረት አልደከሙም። እንዲያውም ትንሽ ተሻሽለዋል።»

«ያኔማ ሆን ብሎ ነው! እኔ ነኝ ያስጠናሁት!»

«እንዲወድቁ?»

«አዎ፣ እንዲወድቅ! ሁሉም ያደርጉት ነበር። ኦቲስን ይጠይቁት...» ኦቲስ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።

«እኔ አምንዎታለሁ» አለ ዶክተሩ። «ግን ይህን ብጽፍ፣ ‹ያኔ ፈተናውን ያታለለ ሰው ዛሬ ላለማታለሉ ማስረጃህ ምንድን ነው?› ይሉኛል የድርጅቱ ሰዎች። ምን ልበላቸው?»

«ቤታችን ይምጡ። አንድ ቀን ብቻ አብረውት ይዋሉ!»

«ብመጣም የሚቀበሉኝ ቁጥሩን ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ያ ጭንቅላት ምን እንደነበረ የምታውቅ አንዲት ምስክር ቀርታለች፤ እሷም በገዛ አፏ አታላይ ነኝ ብላለች። ማርሲ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ግሌን ወንበሩን ወደ ዶክተሩ አስጠጋ።

«ዶክተር፣ አለፍኩ?»

ዶክተሩ ማርሲን ቀና ብሎ አያት። «ውጤትዎ አልቀነሰም» አለው ቀስ ብሎ።

የግሌን ፊት በራ። ብድግ ብሎ የዶክተሩን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ ነቀነቀው።

«ማርሲ፣ ሰማሽ? እሁድ እገባለሁ! ምን ያስለቅስሻል፣ አንቺ ደግሞ! ተነሺ፣ ለአሰልጣኙ ደውዪለት። ቶሎ በይ እንጂ፣ ቦታዬን ለሌላ ሳይሰጡብኝ!»

ማርሲ የጃኬቱን ዚፕ ዘጋችለትና እጁን ይዛ ወጣች። በማግስቱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡሷን ታስነሳለች፤ እሱ ቤት ውስጥ ብቻውን ይውላል።