ብቻውን እንዳይሠራ የተከለከለው ጠበቃ

ፊንባር ሌሂ በኬሪ አውራጃ ባሕር ዳርቻ ባለች ትንሽ ከተማ ጠበቃ ነበር። አባቱም በዚያው ቢሮ ጠበቃ ስለነበሩ ሰው ቢሮውን "ሌሂዎች ጋ" እያለ ነበር የሚጠራው። መሬት የሚገዛውም፣ ከወንድሙ ጋር በአጥር የተጣላውም፣ ኑዛዜ የሚያስጽፈውም ያንን ጠባብ ደረጃ እያለከለከ ይወጣል። ፊንባር ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ድረስ ብዕር አያነሳም ነበርና ብዙዎች የሚወዱት ለዚህ ነበር።

ሚስቱ ኑዋላ በካንሰር ስትሞትበት ግን ሰውየው ከውስጥ ተሰበረ። ቢሮ ይገባል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ የመጣለትን ፖስታ መክፈት ግን ያቅተዋል። የደንበኛው የፊሎሚና ጉዳይ ያመለጠው በዚያ ክረምት ነው። የፊሎሚና ልጅ ዓሣ ማጥመጃ መርከብ ላይ ሲሠራ እጁን ማሽን ቆርጦበታል። ለካሣ ክስ ሕግ የሰጠው ጊዜ ሁለት ዓመት ነበር፤ ፊንባር አሳለፈው። ማሳለፉን ሲያውቅ ደነገጠ፣ ከድንጋጤውም የተነሳ ዋሸ።

"እንዴት ሆነልን?" ትለዋለች ፊሎሚና ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ባገኘችው ቁጥር።

"እየሄደ ነው። ፍርድ ቤት ደግሞ መቼ ቸኩሎ ያውቃል?" ይላታል።

እሷም አምናው ትሄዳለች። በመጨረሻ ትራሊ ከተማ ወዳለ ሌላ ጠበቃ ሄዳ ክሱ ጭራሽ እንዳልተከፈተ ሰማች። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስታየው አልሰደበችውም፤ ወደ ማዶ ተሻግራ ታልፈዋለች። እሱ ደግሞ ብትሰድበው ይመርጥ ነበር።

ክስ ቀርቦበት ዋና ከተማው ደብሊን ተጠርቶ የጠበቆች ተቆጣጣሪ ጉባኤ ፊት ሲቀርብ አንድም ሰበብ አልደረደረም። የኑዋላን ሞት ያነሳችው አብራው የሄደችው ግሮኒያ ነበረች። ግሮኒያ ሥራውን ከእሱ የተማረችና አሁን በዚያችው ከተማ የራሷን ቢሮ የከፈተች ጠበቃ ናት። ጉባኤው ፈቃዱን አልነጠቀውም፤ ገደብ ጣለበት። ከእንግዲህ ብቻውን መሥራት አይችልም። የሚሠራው በሌላ ጠበቃ ሥር ተቀጥሮ ብቻ ነው፤ የሚጽፈውም ሁሉ ከእጁ ከመውጣቱ በፊት አሠሪው ማንበብ አለበት።

የቀጠረችው ግሮኒያ ናት። የኋለኛዋን ክፍል ሰጠችው።

"ይቅርታ፣ አቶ ፊንባር፣ እዚች ጋ አንድ ቃል..." ትለዋለች የጻፈውን ስታነብ ፊቷ ቀልቶ።

"ይቅርታ አትበይኝ። አንብቢ፤ ሥራሽ ነው።"

መጠጥ ቤት ሲገባ ደግሞ አንዱ ከጥግ ጮኸበት፦ "ፊንባር! ቢራ ለማዘዝም የግሮኒያ ፊርማ ያስፈልግሃል እንዴ?" ሰው ሁሉ ሲስቅ እሱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ግን መጠጥ ቤት መሄዱን ተወው።

በመስከረም አንድ ቀን ባቲ የሚባሉ አዛውንት ገበሬ ወደ ኋለኛዋ ክፍል ገብተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

"ኑዛዜ ልጽፍ ነው። ቤቱም መሬቱም ለፔግ ይሁን።"

ፔግን ከተማው የሚያውቃት የባቲ የቤት ሠራተኛ ናት ብሎ ነው። ፊንባር ብዕሩን ገና አላነሳም።

"ሚስቴ ናት" አሉ ባቲ ቆባቸውን እያሹ። "የመጀመሪያ ባሏ ጥሏት እንግሊዝ ገባ። ያኔ ባገሩ ሕግ ፍቺ የሚባል ነገር የለም። ሲፈቀድ ደግሞ እኛ አርጅተን አፈርን። በቃ፣ ይኸው ነው።"

"እጽፍልዎታለሁ፣ ባቲ። ግን ግሮኒያ ማንበብ አለባት።"

"ግሮኒያ? የወንድሜ ልጅ ሚስት እህት? አብደሃል!"

"ምስጢር ትጠብቃለች። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።"

"ብትጠብቅም ታውቃለች። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ዓይኗን ማየት አልፈልግም። ስማ፣ እኔ ቤት መጥተህ ጻፍልኝ። ማን ያያል?"

ኑዛዜው ከአንድ ገጽና ከሁለት ምስክር በላይ የሚጠይቅ ነገር አልነበረም። የፊንባር ልብ ሊጽፈው ከጅሏል። ነገር ግን ፊሎሚናን መዋሸት የጀመረውም ማን ያያል ብሎ እንደነበር ትዝ አለው።

"አልችልም" አለ። "ትራሊ ውስጥ የማምናት ጠበቃ አለች፤ እዚህ ማንንም አታውቅም። እኔው በመኪናዬ ላድርስዎት። ነገ እንሂድ።"

"ነገ የከብት ገበያ ነው።"

"ሐሙስስ?"

"እስቲ መጀመሪያ ድንቹ ይውጣ" ብለው ቆባቸውን ደፍተው ወጡ።

ከሳምንት በኋላ ፊንባር ባቲ ቤት ስልክ ደወለ። ያነሳችው ፔግ ስለነበረች የሚለው ጠፍቶት ደህንነታቸውን ብቻ ጠይቆ ዘጋ። እንደገና ሲደውል ደግሞ ባቲ አንስተው አንዲት ላም ልትወልድ ነው፣ ትውለድና እንሄዳለን አሉት። ኅዳር ውስጥ ባቲ በከብቶቹ በረት ውስጥ ወደቁ፤ ቄሱም ሳይደርሱላቸው ሞቱ።

ፊንባር ለቅሶ ሄደ። አስከሬኑ በተጋደመበት ክፍል ከኮርክ የመጣው የወንድማቸው ልጅ በር ላይ ቆሞ "እግዜር ያጽናህ" ይባላል። ፔግ ወጥ ቤት ውስጥ ሽርጥ ታጥቃ ለለቀስተኛው ዳቦ ትቆርጣለች፣ ሻይ ትቀዳለች። እሷን ያጽናና አንድም ሰው አልነበረም። ፊንባር እጇን ሲጨብጣት እጇ ቅቤ ነክቶት ነበርና "ይቅርታ" አለችው።

ከገና በኋላ ፔግ ቢሮ መጣች። ወራሹ፣ የባቲ የወንድም ልጅ፣ በትሕትና አስቀምጧት እስከ ፋሲካ ቤቱን እንድትለቅ ነግሯታል።

"ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ" አላት ፊንባር። "እንደ ባልና ሚስት አብረው መኖራችሁን ቢያስረዱ ድርሻ ይኖርዎታል። ጊዜውም አላለፈም።"

"ዳኛ ፊት ቆሜ ከማን ጋር እንደተኛሁ ልናገር? ያ ሁሉ ዓመት የደበቅነውን?" ራሷን ነቀነቀች። "አላደርገውም፣ አቶ ሌሂ። ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። እርስዎ ጋ መጥቶ እንደነበር ነግሮኛል። ያን ቀን ሊጽፉለት ይችሉ ነበር?"

"ተከልክያለሁ።"

"እሱን አልጠየቅኩም።"

ፊንባር ጠረጴዛው ላይ አቀረቀረ። "እችል ነበር" አላት።

"አልችልም ነበር ቢሉኝ ምን ነበረበት" አለች ፔግ፤ ቦርሳዋን አንስታም ወጣች።

ከፋሲካ በፊት ሊመሪክ ወዳለችው እህቷ ሄደች። ቤቱ ተሸጠ።

ገደቡ ከተጣለበት ዓመት ሲሞላ ግሮኒያ እንዲነሳለት ማመልከት እንደሚችል ነገረችው፤ እሷም ልትመሰክርለት ተዘጋጅታ ነበር።

"እስቲ ይቆይ" አላት።

"ለምን? ከእርስዎ የበለጠ የሚጠነቀቅ ሰው የለም እኮ!"

ጥንቃቄው ፔግን ቤት እንዳሳጣት ሊነግራት አልቻለም፤ የባቲ ምስጢር ነው። ለአንዲት መበለት የጻፈውን የመሬት ውል ገፋ አደረገላት፤ አጠገቧ ተቀምጦም አንብባ እስክትጨርስ ጠበቀ።